የአምስተኛው እሑድ ሹፌሮች

ልጅ ሳለሁ በአገራችን በሹፌር የሚሄዱ ሰዎች ሁለት ብቻ ይመስሉኝ ነበር፤ ንግሥቲቱና አባቴ። ያውም ንግሥቲቱ አንድ ሹፌር ነበራት። አባቴ አራት ነበሩት።

አባቴ ቄስ ኤድመንድ ሃስኬል የአራት ገጠር አጥቢያዎች ቄስ ነበር፦ የላይ ቲዝል፣ የታች ቲዝል፣ የማርሽ ኦርተንና እኛ የምንኖርበት የዊክሆልት። ድሮ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቄስ ነበራቸው። ምእመኑ እየሳሳ፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ሲሄድ ጳጳሱ አራቱንም ጠቅልሎ ለአንድ ሰው ሰጠ። መጠቅለል ያቃተው ሰዎቹን ነው። የላይ ቲዝል ሰው ከታች ቲዝል ሰው ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ከሚቀመጥ ዝናብ ላይ ቆሞ ቢያስቀድስ ይመርጣል። የጠቡን መነሻ የሚያስታውስ አልነበረም፤ አንዳንዱ በደወል ነው ይላል፣ አንዳንዱ በበግ።

እናቴ ከተማው ሆስፒታል የሌሊት ነርስ ስለነበረች እሑድ ጠዋት ትተኛለች። ስለዚህ እኔ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ የመዝሙር መጻሕፍቱን ቅርጫት ይዤ ከአባቴ ጋር እዞራለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ በሽታው ብቻ የት እንደደረስን አውቅ ነበር። ላይ ቲዝል የሌሊት ወፍ ይሸታል። ማርሽ ኦርተን የጋዝ ምድጃና የራሰ የሱፍ ካፖርት። ታች ቲዝል አዲስ ኖራ። የመጨረሻው፣ የእኛው ዊክሆልት፣ የናስ መወልወያ። አባቴ ራሱ የሚንት ከረሜላ ይሸት ነበር፤ ከልጅነቴ ጋር አብሮኝ የቀረ ሽታ እሱ ነው። ዛሬም አንድ ሰው አጠገቤ ሚንት ሲልጥ የት ልግባ እላለሁ።

መኪና አጥተን አልነበረም። ነበረችን፤ ታማ ነው። በመኸር ምስጋና በዓል ዕለት ከላይ ቲዝል ስንወርድ መታጠፊያው ላይ ያለው ቦይ ውስጥ ገብታ አፍንጫዋን ተከለች። ሰው አልተጎዳም። ጭኔ ላይ የነበረው የበዓሉ ዱባ ብቻ ፈረጠ። በሳምንቱ መንደሩ ስብሰባ ተቀመጠ፤ የተቀመጠው በቦዩ ላይ ነው። ያለቦታው መቆፈሩ፣ ጥልቀቱም ልክ ማለፉ በሰፊው ተነገረ፤ ለወረዳው አቤት እንዲባል ተወሰነ። ቦዩ ከተቆፈረ ሦስት መቶ ዓመት ሆኖታል፤ እስከዚያ ቀን ማንንም ጎድቶ አያውቅም።

መኪናችን የኮሎኔል ባግናል ጋጣ ውስጥ ገባች። ኮሎኔሉ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ "ብሎን መፍታት እችላለሁ፣ እኔ አያታለሁ" ብለው ነው የወሰዷት። ስጠይቃቸው "ፍሬኗ ገና ነው" ይሉኛል። ፍሬኗ ዓመቱን ሙሉ ገና ነበር።

እኛ ጋ ወረፋ የማይወጣለት ነገር የለም። የአበባ ወረፋ አለ፣ የናስ መወልወል ወረፋ አለ፣ የሻይ ወተት የማምጣት ወረፋ አለ፤ ሁሉም ተጽፎ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይለጠፋል። አባቴን የማመላለስ ወረፋ ብቻ የትም ተለጥፎ አላየሁም። ግን ዝንፍ አይልም። የወሩ የመጀመሪያ እሑድ የላይ ቲዝሉ አሳማ አርቢ ሚስተር ፕራውት ናቸው፤ መኪናቸው ውስጥ ገለባ፣ ውሻና ስሙን የማላውቀው አንድ ብረት አለ። ሁለተኛው እሑድ የታች ቲዝሏ ሚስ ኤላኮት፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪና ኦርጋን ተጫዋች ናቸው፣ ሲነዱ ከመሪው በላይ የሚታየው ባርኔጣቸው ብቻ ነው። ሦስተኛው የማርሽ ኦርተኑ ኮሎኔል ናቸው፤ የቆዳ ወንበር። አራተኛው የእኛዋ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ሚስስ ታፕሊ። አራቱም የየአጥቢያቸው ተጠሪዎች ነበሩ።

አራቱም በክረምት በረዶ መስኮት ከፍተው ይነዱ ነበር። አራቱም አባቴ ገብቶ ሳይቀመጥ ሚንት ይሰጡታል። አራቱም መንገዱን ሙሉ የሚያወሩት ስለ አየር ነው። ትምህርት ቤት ሄጄ "የኔን አባት የሚነዱት ተራ እየጠበቁ ነው፣ ያንቺ አባት ግን ራሱ ነው የሚነዳው" ብዬ የጥርስ ሐኪሙን ልጅ አስለቅሻታለሁ።

አሁን ወደ ጽዋው ልምጣ።

እኛ ቤተ ክርስቲያን፣ ገና ካልተፈቀደላቸው ልጆች በቀር፣ ቁርባኑን ሁሉም የሚጎነጨው ከአንድ ጽዋ ነው። አንዴ የተባረከ ወይን ደግሞ አይደፋም፣ ወደ ጠርሙሱ አይመለስም፤ የተረፈው እዚያው መጠጣት አለበት፤ የሚጠጣውም ቄሱ ነው። ላይ ቲዝል የሚያስቀድሰው ሰው ውሻውን ጨምሮ ከእጅ ጣት አይበልጥም። አባቴ ግን ጽዋውን የሚሞላው መንደሩ ሁሉ እንደሚመጣ አድርጎ ነበር፤ እስከ አፉ፣ ሊፈስ እስኪደርስ።

"አባባ፣ ይሄ ሁሉ ለማን ነው?" አልኩት አንድ ቀን ዕቃ ቤቱ ውስጥ።

"ለሚመጡት።"

"ባይመጡስ?"

"ቢመጡስ?" አለኝ፤ በአውራ ጣቱ አፍንጫዬን ነካ አደረገና ሄደ።

ያቺን "ቢመጡስ" ይዤ ነው ያደግኩት። አባቴ ተስፋ የማይቆርጥ ሰው ነው። ሰባት አሮጊቶች ፊት ቆሞ ለመቶ ሰው ይቀዳል። ቅዳሴው ሲያልቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ያልመጡትን ሁሉ ድርሻ ብቻውን ይጠጣላቸዋል። ከዚያ ወደሚቀጥለው መንደር፤ እዚያም ያልመጡ አሉ። አራተኛው ላይ ስንደርስ ተስፋው ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ይመስለኛል ዓይኑ ይቀላል፤ ስብከቱ ይረዝማል፤ መዝሙር ላይ ድምፁ ከኦርጋኑ ይበልጣል። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ባለ ጥንታዊ መቃብር ላይ ከድንጋይ ተቀርጾ የተጋደመውን ባላባት አቅፎ "አንተ ብቻ ነህ የማትቀረው" ሲለው የሳቀ ሰው አልነበረም። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ መዝሙር ይፈልግ ነበር። እኔም ደፋሁ፤ የጸሎት ሰዓት ነው ብዬ።

እናቴ አንዳንድ ቀን ስትነሳ ወጥ ቤት ውስጥ ዝቅ ባለ ድምፅ ታናግረዋለች። "ኤድመንድ፣ በግማሹ ሙላው። ግማሹ ይበቃቸዋል" ስትል ሰምቻለሁ። እናቴ እምነቷ የላላ ነው አልኩ በልቤ። ጸለይኩላት።

እንግዲህ ወሩ አምስት እሑድ ሲኖረው አራቱ አጥቢያዎች በአምስተኛው እሑድ በአንድነት ያስቀድሳሉ። ዘወትር የሚደረገው እኛ ጋ ዊክሆልት ነው፤ ከቄሱ ቤት አጥር ተሻግሮ ነውና ሹፌር የሚባል ነገር አያስፈልግም። በዚያ ሰኔ ግን የታች ቲዝል አዲስ ጣሪያ ሊመረቅ የጳጳሱ እንደራሴ ይመጣሉ ተባለ፤ በዓሉም ወደ ታች ቲዝል ዞረ። ላይ ቲዝሎች ይህን ሲሰሙ በአንድ ድምፅ ታመሙ። ማርሽ ኦርተኖች ሣር የሚያጭዱበት ቀን ሆነ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ታች ቲዝል ውስጥ አግዳሚዎቹ መሐል ተጋድሜ ኮሚክ መጽሔት ሳነብ ሚስ ኤላኮትና ሚስተር ፕራውት ገቡ። ሚስተር ፕራውት መሰላል ሊያበድሩ ነው የመጡት፤ በድብቅ፣ የላይ ቲዝል ሰው እንዳያያቸው።

"እንደራሴው ዕቃ ቤት ሳይገቡ የሚሄዱ ይመስልሃል?" አሉ ሚስ ኤላኮት። "አፍንጫቸው የአዳኝ ውሻ ነው። ማርሽ ኦርተን ላይ አይጥ እንዳለ ገና በሩ ላይ ቆመው ነው የነገሩን።"

"ቢገቡስ ታዲያ?"

"ታዲያማ፣ ጽዋው እንደ ልማዱ ሞልቶ ሰው ከሌለ የተረፈውን ቆመው ያዩታል። ካዩ ደግሞ አለቀ። ቤቱ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሥራው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ሚስቲቱን አስባት። ልጅቷን አስባት።"

"እንግዲህ አንድ ሰው ይንገራቸዋ።"

"ንገራቸዋ።"

"እኔ? እኔ አሳማ አርቢ ነኝ፣ ሚስ ኤላኮት። እርስዎ አስተማሪ ነበሩ።"

"ያስተማርኩት አንተን ነው። ውጤቱን እያየሁት ነው።"

ሚስተር ፕራውት መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። "ቄሱ የእናቴን ቀብር እንዴት እንዳደረጉት ያስታውሳሉ?" አሉ። "ሦስት ሌሊት አብረውኝ ተቀምጠዋል። እኔ ያንን ሰው ምን ብዬ ነው ይሄን የምናገረው?"

"እኔስ ምን ብዬ?" አሉ ሚስ ኤላኮት። ከዚያ ስለ ዝናብ አወሩ።

ኮሚኬ ደረቴ ላይ እንደተከፈተ ቀረ። ሁሉም ነገር ገባኝ። ሰው ካልመጣ ወይኑ ይተርፋል። ወይኑ ከተረፈ ጳጳሱ አባቴን ሰው የማይመጣለት ቄስ ነው ይለዋል። ከዚያ ቤታችን ይሄዳል፤ ከፖም ዛፉና ከደረጃው ሥር ካለችው ክፍሌ ጋር። መፍትሔው ቀላል ነው። ሰው ይምጣ፣ ይጠጣ፣ ምንም አይትረፍ።

በማግሥቱ ብስክሌቴን አውጥቼ ጀመርኩ። የጀመርኩት ከባዱን አስቀድሜ ነው፤ የዊክሆልት መጠጥ ቤት ባለቤት ሌን ጋ። ሌን ቤተ ክርስቲያን የገባው አንዴ ነው፣ ያኔም ተሸክመው ነው ያስገቡት፣ ሊያጠምቁት።

"አምስተኛው እሑድ ላይ ታች ቲዝል ይምጡ" አልኩት።

"ምን ልሠራ፣ የኔ እመቤት?"

"ሊጠጡ።"

ሌን ሳቀ። ባንኮኒው ላይ ያሉትም ሁለት ገበሬዎች ሳቁ። "ለእሱ እንኳ እዚህ ይሻለኛል" አለ።

"ለአባቴ ምንም እንዳይተርፍለት ነው" አልኩ። "ጽዋውን ሁልጊዜ ይሞላዋል፣ ከዚያ የተረፈውን ሁሉ እሱ ይጠጣዋል። እንደራሴው ካዩት ቤታችንን ይወስዱብናል። እኔ ገና ስላልተፈቀደልኝ ነው እንጂ ራሴ እጠጣለት ነበር።"

ሌን የሚያደርቀውን ብርጭቆ አስቀመጠ። ገበሬዎቹ ቢራቸውን ያዩ ጀመር።

"አባትሽ ናቸው የላኩሽ?"

"አያውቅም። እንዳይነግሩት።"

"እናትሽስ?"

"ተኝታለች።"

ሌን ከመደርደሪያው ቺፕስ አውርዶ ሰጠኝ። በነፃ። ሌን በሕይወቱ ለሰው በነፃ የሰጠው ነገር ቢኖር ያ ቺፕስ ነው። ነገሩ ቀላል ሆኖ አገኘሁትና ያንኑ ንግግር ይዤ በየቤቱ ዞርኩ። ሚስስ ታፕሊ ቴምብር መምታታቸውን ትተው ጀርባቸውን ሰጡኝና ተናፈጡ፤ "ጉንፋን ነው" አሉኝ። ላይ ቲዝል አንዲት ሴትዮ ደጃፏ ላይ እቅፍ አድርጋ ያዘችኝ፤ እሷም ጉንፋን ይዟታል። ኮሎኔሉ እንደ ወታደር ተገትረው ሰሙኝና "ትእዛዝሽ ይፈጸማል" አሉ፤ ከዚያ ቁጭ አሉ። በዚያ ሳምንት አራቱንም መንደር ጉንፋን ገባበት።

አንዳቸውም ያሰብኩትን እንዳልሰሙ ያኔ በምን ልወቅ? እኔ የማወራው ስለ ባዶ አግዳሚ ነው። እነሱ የሰሙት አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ትልልቅ ሰዎች ዓመት ሙሉ አፋቸው ውስጥ ያገላበጡትን ነገር፣ ደጃፋቸው ላይ ቆማ ስትናገረው ነው።

አምስተኛው እሑድ ደረሰ። ሚስ ኤላኮት ማልደው መጥተው ወሰዱን፤ መንገዱ ላይ አባቴ "ዛሬም እኛው በእኛው ነን" እያለ ነበር። ስንደርስ የታች ቲዝል ሜዳ በመኪና ተሞልቷል። ውስጥ ገባን። ላይ ቲዝሎች ከታች ቲዝሎች ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠዋል፤ ደስ ብሏቸው አልነበረም፣ ግን ተቀምጠዋል። ሌን ክራባት አድርጎ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ አለ። የሌላ ቤተ እምነት ሰዎች ሳይቀሩ መጥተዋል። ኖራው፣ የሰው ላብ፣ የሰኔ ጽጌረዳ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

"መጡ" አለ። ለራሱ ነው ያለው።

ይዞት የነበረውን እጄን ለቀቀና ወደ ዕቃ ቤቱ ገባ። ጽዋውን እንደ ልማዱ እስከ አፉ ሞላው።

ሰዉ እየተነሳ ወደ መሠዊያው አጥር ቀረበ፣ ተንበረከከ፣ ጠጣ። እኛ ጋ ሰው ከጽዋው የሚወስደው ከንፈር የሚያርስ ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ ነውር ነው። በዚያ ቀን ግን ሚስስ ታፕሊ ሁለት ጊዜ ጎነጩ። ኮሎኔሉ ጽዋውን በሁለት እጃቸው ይዘው ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ መድኃኒት ዋጡት። ሌን፣ ጥበቡ ነውና፣ ጉሮሮው ሦስት ጊዜ ሲወጣና ሲወርድ አየሁት፤ እንደራሴው ቅንድባቸውን አነሱ። አባቴ ጽዋውን መልሶ ለመቀበል እጁን ሲዘረጋ ሰዎቹ ቶሎ አይለቁለትም ነበር። ሰልፉ ሳያልቅ ወይኑ አለቀ። አባቴ ወደ ሚስ ኤላኮት ዞሮ "ሌላ ጠርሙስ" አለ በሹክሹክታ።

"የለም" አሉ ሚስ ኤላኮት ከኦርጋኑ ላይ። ጠርሙሱ ከተቀመጡበት ወንበር ሥር ነበር፤ ጫፉ በቀሚሳቸው ሥር ይታየኛል። መዋሸታቸው ገረመኝ፤ ግን ለአባቴ ሲሉ እንደሆነ ስለገባኝ ይቅር አልኳቸው።

አባቴ ባዶውን ጽዋ ወደ ብርሃኑ ዘንበል አድርጎ ውስጡን አየ። በነጩ ጨርቅ ጠረገው። እንደገና አየ፣ እንደገና ጠረገ። ግንባሩ በላብ ረጥቧል፤ ዓይኑም ረጥቧል። ደስታ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲህ ያንን ፊት ብዙ ጊዜ አስታውሼዋለሁ፤ የደስታ መልክ አልነበረውም። ውኃ ጥም የያዘው ሰው የደረቀ ጉድጓድ ላይ ጎንበስ ሲል ያለው ፊት ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ በመንደሩ አዳራሽ ሻይ ተዘጋጀ። የኪያር ሳንድዊች፣ የሎሚ ኬክ፣ የሚያፏጭ ትልቅ የሻይ ማፍያ። እንደራሴው ረጅም፣ ቀጭን፣ ዕቃ ቤቱን አይተው ምንም ያላገኙ ሰው ነበሩ፤ ደስ ብሏቸዋል። "እውነቱን ልንገርዎ፣ ቄስ ኤድመንድ" አሉ፣ "ስለዚህ አካባቢ የሰማሁት ሌላ ነበር። እንዲህ ያለ ቤተ ክርስቲያን ካየሁ ስንት ጊዜዬ!"

አባቴ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ሲኒውን አላነሳም። ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ዓይኑ ንጹሕ ነው። ወደ እኔ አይቶ ፈገግ አለ። ቤታችን ተረፈ ብዬ ሦስተኛ ኬክ አነሳሁ።

"አመሻሽ ላይ ማርሽ ኦርተን የማታ ጸሎት አለዎት አይደል?" አሉ እንደራሴው ሰዓታቸውን እያዩ። "በምን ይሄዳሉ? መኪናዎን ደጅ አላየሁትም።"

አራት ወንበር በአንድ ጊዜ ወለሉን ፋቀ። አራት ሰው ተነሣ። አራት የመኪና ቁልፍ አየር ላይ ተንሿሿ።

"በእኔ ነው" አሉ ሚስተር ፕራውት።

"ይቅርታ፣ በእኔ" አሉ ኮሎኔሉ።

"ቆይ፣ አምስተኛው የማን ነው ተባብለን ነበር?" አሉ ሚስስ ታፕሊ።

"አልተባባልንም።"

"ካልተባባልንማ ዞሮ ከአንደኛው ይጀምራል። የእኔ ነው።"

"አንተ የአሳማ ጌታ፣ የዚህ ወር ተራህን ወስደሃል! ያውም መስኮቱን ዘግተህ!" አሉ ሚስ ኤላኮት።

"መስኮቱ እንቢ ብሎኝ ነው!"

"ላይ ቲዝል ውስጥ መቼ ነው ነገር እሺ ብሎ የሚያውቀው?"

ሚስተር ፕራውት ይህን አልቻሉም። የመንደራቸው ስም ተነሣ። "በትንሣኤ ዕለት ከመኪና አውርጄ እስከ አልጋቸው የተሸከምኳቸው እኔ ነኝ!" አሉ። "ታች ቲዝል የት ነበር ያን ቀን?"

ማፍያው ብቻ ያፏጫል። እንደራሴው ሲኒያቸውን ማስቀመጫው ላይ ሲያሳርፉ ቅጭል አለ።

"ዛሬ ግን" አሉ ሚስ ኤላኮት ተሽቀዳድመው፣ "ዛሬ ግን ደኅና ናቸው።"

ሊያድኑት ነበር። ከሁሉም የገደለው ይሄ ነው።

እኔ ግን ኩራቴ ደረቴን ሊቀድደው ነበር። እንደራሴው ይዩ እንጂ! በጳጳሱ ሰው ፊት ለአባቴ ሲጣሉለት! አባቴ ወደ አራቱ ቁልፎች ተራ በተራ አየ። አንድ በአንድ፣ ከገበሬው እስከ ፖስታ ቤቷ። እያንዳንዳቸው አንዲት እሑድ ብቻ ያዩ መስሎት እንደኖረ አሁን አውቃለሁ፤ በየመንደሩ አንድ ሰው፣ አንድ ክፉ ቀን፣ አንድ ደግነት። ተነጋግረው ተራ ያወጡለት አልመሰለውም።

"ሁላችሁም?" አለ።

ቁልፎቹ ዝቅ አሉ። ኮሎኔሉ ጫማቸውን ያዩ ነበር።

"ዛሬ በእግሬ እሄዳለሁ" አለ አባቴ። ካፖርቱን ሳይወስድ ወጣ። ተከትዬው ሮጥኩ።

በሜዳው ወጣን፤ ሣሩ ታጭዶ ትኩስ ይሸታል። እኔ እየተነጫነጭኩ ነው። የኮሎኔሉ መኪና የቆዳ ወንበር አለው፣ እግሬን አሞኛል፣ ለምን አንዱን አልመረጥክም። አባቴ የአጥሩ መሻገሪያ እንጨት ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ሄስተር። ሰዉን የጠራሽው አንቺ ነሽ ብሎኛል ሌን።"

"አዎ!" አልኩ። በመጨረሻ ተጠየቅኩ።

"ምን ብለሽ ነው የጠራሽው?"

ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ በየደጃፉ እንዳልኩት፣ ቃል ሳላጓድል አልኩለት። ለአባቴ ምንም እንዳይተርፍለት። እኔ ገና ስላልተፈቀደልኝ ነው እንጂ ራሴ እጠጣለት ነበር።

አባቴ እንጨቱ ላይ ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁና እየሳቀ መስሎኝ እኔም ሳቅኩ።

ሥራውም ቤቱም ሄደ። በመስከረም ወር ከተማው ውስጥ፣ እናቴ ከምትሠራበት ሆስፒታል አጠገብ፣ ሁለት ክፍል ገባን፤ የፖም ዛፍ የለውም። አባቴ ከዚያ እንጨት ላይ ከተነሣ ጀምሮ አልጠጣም። መጀመሪያ መጋዘን ሠራ፤ በኋላ አዛውንቶችን ወደ ክሊኒክ የሚያመላልስ ሚኒባስ መንዳት ጀመረ፣ እስከ ዛሬም ይነዳል። የሆነውን የገለጠችልኝ እናቴ ናት፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባ። "ካንቺ አፍሮ ነው የተወው" አለችኝ። "ልጄ ሁሉን ታውቅ ነበር ይላል። ዘጠኝ ዓመቷ፣ ብቻዋን፣ በብስክሌት። ለመጠጣት በተመኘ ቁጥር የሚያየው ያቺን ብስክሌት ነው።"

አላወቅኩም ነበር ልላት አፌን ከፈትኩ። ተመልሼ ዘጋሁት።

ባለፈው ወር ሚስ ኤላኮትን ታች ቲዝል ቀበርናቸው። በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ማፍያ አጠገብ ተሰበሰብን። ኮሎኔሉ ሸምግለዋል፤ ሼሪ ወይን አብዝተው ቆመው መሄድ ሲያቅታቸው አባቴ ቁልፉን አውጥቶ ሚኒባሱን አስጠጋ። ከፊት አስቀመጣቸው። መስኮቱን ከፈተላቸው። ከኪሱ ሚንት አውጥቶ ሰጣቸው። አንድም ቃል አልተናገረም። እኔ ከኋላ ነበርኩ።

"ይህች ልጅዎ" አሉ ኮሎኔሉ ሚንቱን እያንቀጫቀጩ፣ "ደጃፌ መጥታ ያለችኝን እስከምሞት አልረሳውም። እኔ ጦርነት አይቻለሁ፣ ቄስ ኤድመንድ። እንዲህ ያለ ድፍረት ግን አላየሁም።"

"ማናችንም መናገር ያልቻልነውን" አለ አባቴ። በመስታወቱ ውስጥ ዓይኑ ዓይኔን ፈለገ፤ አገኘው። ኩራት ነበረበት፤ እኔ በዚያ ሰኔ ለእሱ የነበረኝ ዓይነት ኩራት። "እሷ እኮ ሁልጊዜም ታውቅ ነበር።"

ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። ላይ ቲዝል መታጠፊያ እየቀረበ ነው።

"አባባ" አልኩ።

"እ?"

ምላሴ ላይ ነበር። ሁለት ቃል ብቻ።

"መታጠፊያው ላይ ቦይ አለ" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ አባቴ፤ ቀስ አድርጎ አለፈው።